ለዐይን የተጻፈ ለጆሮ ሲደርስ፤ የአማርኛ ሰነዶችና ድረ ገጾች ተደራሽነት ስለሚመረመርበት መንገድ

በኢትዮጵያ የመንግሥት ቃል ወደ ሕዝብ ይደርስ የነበረው በጆሮ ነው። ነጋሪት ይጎሰማል፤ ዐዋጅ ነጋሪው በገበያ መካከል ቆሞ የታዘዘውን ያሰማል፤ የሰማ ላልሰማ እንዲያሰማ አዝዞ ይመለሳል። በዚህ ሥርዐት ፊደል የቈጠረና ያልቈጠረ፥ የሚያይና የማያይ ባንድ ተርታ ይቆሙ ነበር። በ1934 ዓ.ም. ሕግ በየጊዜው እየታተመ መውጣት በጀመረ ጊዜ ጋዜጣው «ነጋሪት ጋዜጣ» ተባለ፤ ከበሮው ስሙን ለወረቀት አወረሰ ማለት ነው። በ1987 ዓ.ም. የተተካው የፌዴራል ጋዜጣም ይህንኑ ስም እንደ ያዘ ነው። ይሁን እንጂ ከቀድሞዎቹ ዕትሞች ብዙዎቹ ዛሬ በኢንተርኔት የሚገኙት ወረቀቱ በስካነር ተነሥቶ እንደ ሥዕል ሆኖ ስለሆነ፥ ማየት የተሳነው የሕግ ተማሪ በኮምፒዩተሩ ሲከፍታቸው አንዲት ቃል እንኳ አይሰማም። ስሙ የከበሮ ሲሆን ገጹ ዝም ይላል።

አንድ ሰነድ ወይም ድረ ገጽ እንዲህ ያለ እንቅፋት ያለበት መሆን አለመሆኑን መመርመር በሌላው ዓለም ራሱን የቻለ ሞያ ከሆነ ቈይቷል። ወርልድ ዋይድ ዌብ ኮንሰርቲየም የተባለው ድርጅት የመጀመሪያውን የተደራሽነት መመሪያ ያወጣው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሁለተኛው መመሪያ በ2008 እ.ኤ.አ. ወጥቶ በ2018 እና በ2023 እ.ኤ.አ. ተጨምሮበታል። በነዚህ መመሪያዎች መሠረት ገጽን በራሳቸው የሚፈትሹ መሣሪያዎችም ተሠርተዋል። ጥያቄው ግን ይህ ነው፤ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ እየተፈተነ የተሠራ መሣሪያ የአማርኛን ሰነድ «ደኅና ነው» ባለ ጊዜ ቃሉ ይታመናልን? ከዚህ በታች እንደሚታየው አይታመንም። የአማርኛ ሰነድ በዐይነ ስውር አንባቢ ላይ የሚዘጋው በማሽን ጉድለት ብቻ ሳይሆን በአገሩ የጽሕፈት ልማድ ጭምር ነውና፥ ልማድም በማሽን አይመረመርም።

በቅድሚያ የንባቡን አሠራር መግለጽ ያስፈልጋል። ማየት የተሳነው ሰው ኮምፒዩተርን ወይም ስልክን የሚጠቀመው ተጠቃሚዎቹ «ስክሪን ሪደር» በሚሉት ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ በገጹ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ ያነባል። ከነዚህ ፕሮግራሞች ጆውስ የሚባለው በገንዘብ የሚገዛ ነው፤ ኤን ቪ ዲ ኤ የሚባለውን ግን በ2006 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያ ማይክል ከራን የተባለ ዐይነ ስውር ወጣት ስለ ጀመረውና በነጻ ስለሚታደል፥ ገንዘብ በሌለበት አገር ሁሉ ተሰራጭቷል። በብዙ ስልኮች ላይ ደግሞ ቶክባክ የተባለው ይገኛል። አማርኛውን የሚያሰማው ድምፅ ለብቻው የሚጫን ሲሆን ኢስፒክ ኤንጂ የተባለው ነጻ የንግግር ፕሮግራም አማርኛን ይናገራል። ድምፁ የማሽን ድምፅ ነው፤ ለአዲስ ጆሮ ይሻክራል፤ የለመደው ሰው ግን ሌላ ሰው ሊከተለው በማይችለው ፍጥነት ያደምጠዋል።

እዚህ ላይ ሊዘነጋ የማይገባው ነገር ፕሮግራሙ የሚያነበው የፊደሉን መልክ አለመሆኑ ነው። የሚያነበው ከመልኩ በስተጀርባ በኮምፒዩተሩ ውስጥ የተመዘገበውን የፊደሉን ቍጥር ነው። ደግሞም ዐይነ ስውሩ አንባቢ ማውስ አይነካም፤ በኪቦርድ ብቻ ከርእስ ወደ ርእስ፥ ከሠንጠረዥ ክፍል ወደ ክፍል እየዘለለ ይሄዳል። ስለዚህ ርእስ ሆኖ ያልተመዘገበ ርእስ፥ ምንም በትልቅና በደማቅ ፊደል ቢጻፍ፥ ለርሱ ርእስ አይደለም።

ማየት የተሳነው ሰው በጆሮ መማሩ ለአገሩ እንግዳ ነገር አይደለም። በቤተ ክህነት ትምህርት ዜማው፥ ቅኔው፥ አንድምታው ከመምህሩ አፍ በቃል የሚቀዳ ስለ ነበረ፥ ዐይነ ስውር ተማሪ ከጓደኞቹ ጋር እኩል ተቀምጦ ሲማር፥ ኋላም መሪጌታ ሆኖ ሲያስተምር መገኘቱ የታወቀ ነው። አራቱን ጉባኤያት ለፈጸመ ሊቅ የሚሰጠው «አራት ዐይና» የሚለው ማዕርግ ራሱ ዐይንን በፊት ላይ ሳይሆን በትምህርት የሚቈጥር ነው። ዘመናዊው ትምህርት ግን ወረቀትን ይዞ መጣ። በሰበታው መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤትና በሌሎችም የተሰጠው የብሬል ጽሕፈት ወረቀቱን ለጣት አመቻቸው፤ የአማርኛ ብሬል ፊደሉን ከፍሎ ተነባቢውንና አናባቢውን ለየብቻ ስለሚጽፍ፥ ለዐይን አንድ የሆነው «ሙ» ለጣት ሁለት ነው። በዚህም የተነሣ የብሬል መጽሐፍ ወፍራም፥ ቍጥሩም ጥቂት ነው። የቀረውን ሁሉ ተማሪው የሰው ዐይን እየተዋሰ ያነብብ ነበር፤ ጓደኛ ያነብለታል፥ እርሱ በካሴት ይቀዳዋል። ኮምፒዩተር ሲመጣ ይህ ውሰት ይቀራል ተብሎ ተስፋ የተደረገው በከንቱ አልነበረም።

ተስፋው ምን ያህል እንደ ተፈጸመ ለማየት ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ያለው የአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። አካባቢው ወደ ቢሾፍቱና ወደ አዳማ በሚወስደው መንገድ ላይ የተዘረጋ ሜዳ ነው። የጅቡቲው ምድር ባቡር ጣቢያ፥ ኋላም የጨርቃ ጨርቅና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች ከየአውራጃው የመጣውን ሠራተኛ በኦሮሞ ገበሬዎች መሬት ላይ አሰፈሩት፤ በቅርብ ዘመን ደግሞ በገላንና በቱሉ ዲምቱ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ተሠርተው ሌላ ሕዝብ ጨመሩበት። በመስከረም 2008 ዓ.ም. የተከፈተው የቀላል ባቡር መሥመር ደቡባዊ ጫፍም ቃሊቲ ነው። በእንዲህ ያለ ሰፈር ሞት ይነገር የነበረው የዕድሩ ጥሩምባ ነፊ ገና ሳይነጋ በየመንደሩ እየዞረ ነው፤ ይህ ልማድ ዛሬም ጨርሶ አልቀረም። የሥራ፥ የግብር፥ የቤትና የመሬት ነገር ግን በጥሩምባ አይነገርም። በወረዳው ጽሕፈት ቤት ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ ከዚያም በቴሌግራም ወይም በፌስቡክ ይወጣል። ማየት የተሳነው ነዋሪ የጎረቤቱን ሞት ከሌላው ጋር እኩል ሲሰማ፥ ለርሱ የተከፈተውን የሥራ ቦታ የሚሰማው ግን የሚያነብለት ሰው ሲያገኝ ነው።

ለምሳሌ አንድ የክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ይወሰድ። ጽሑፉ በመጀመሪያ በኮምፒዩተር ይጻፋል፤ እስከዚህ ድረስ ሰነዱ ለጆሮ ክፍት ነው። ከዚያ በወረቀት ይታተማል፤ ኀላፊው ይፈርምበታል፤ መዝገብ ቤት ቍጥርና ቀን ይሰጠዋል፤ በመጨረሻም ክቡ ማኅተም ያርፍበታል። ማኅተም ያረፈበት ወረቀት እንደ ገና በስካነር ወይም በስልክ ካሜራ ተነሥቶ ሥዕሉ ወደ ኢንተርኔት ይላካል። በዚህች ቅጽበት ሰነዱ ፊደል መሆኑ ይቀራል፤ ስክሪን ሪደሩ «ሥዕል» ብሎ ያልፈዋል፥ ወይም የፋይሉን ስም የሆኑትን ቍጥሮች አንድ ባንድ ይቈጥራል።

የሚነበበው ጽሑፍ በጸሐፊዋ ኮምፒዩተር ውስጥ እያለ የማይነበበው ሥዕል የሚወጣበት ምክንያት ምንድን ነው? መልሱ ከቴክኒክ ይልቅ በባህል ይገኛል። በኢትዮጵያ ወረቀትን ወረቀት የሚያደርገው ማኅተሙ ነው። የነገሥታቱ ደብዳቤ በራስጌው ማኅተም ይዞ ይሄድ ነበር፤ ከዚያ ወዲህም እስከ ታችኛው ቀበሌ ድረስ ማኅተም የሌለው ቃል የማንም ቃል እንዳልሆነ ይቈጠራል። ባለሥልጣኑም፥ ባለጉዳዩም፥ ራሱ ዐይነ ስውሩም እንዲህ ያምናሉ፤ ማኅተም የሌለበት የሥራ ማስታወቂያ ቢደርሰው የአጭበርባሪ ሥራ ነው ብሎ ይጠረጥራል፥ ጥርጣሬውም ትክክል ነው። እንግዲህ የተደራሽነት መርማሪ «ሥዕሉን በጽሑፍ ተኩ» ብሎ ቢያዝዝ የሚሰማው የለም፤ ያዘዘው ነገር ሰነዱን ከነሥልጣኑ የሚያሳጣ ነውና። ይህን ሳያውቅ የሚመረምር ሰው በየዓመቱ አንዱን ጉድለት እየመዘገበ ይኖራል።

የጉዳዩ ክብደት በሕግ በኩል ሲታይ ይጐላል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 568 አካል ጉዳተኞች በሥራ ስምሪት እንዳይገለሉ ይደነግጋል። በ2002 ዓ.ም. በዐዋጅ ቍጥር 676 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ደግሞ በ9ኛው አንቀጽ ሕንጻንና መጓጓዣን ብቻ ሳይሆን መረጃንና ኢንተርኔትንም ይጨምራል። ይሁንና የሥራ ማመልከቻ የሚቀበሉበት ጊዜ ጥቂት የሥራ ቀናት ብቻ ነው። ማስታወቂያው ሰኞ በሥዕል ወጥቶ፥ አንባቢ የሚሆን ዘመድ እሑድ ቢመጣ፥ መብቱ ሳይጣስ ቀኑ ያልፋል። ተደራሽነት በሰዓት የሚለካ ነገር መሆኑ ከዚህ ይታወቃል።

ሥዕል ባልሆኑት ሰነዶች ላይ ሁለተኛው እንቅፋት የፊደሉ ቍጥር ነው፤ ይህም ታሪክ አለው። የቀድሞዎቹ የግል ኮምፒዩተሮች ለፊደል የሰጡት ቦታ 256 ብቻ ሲሆን ግማሹን የእንግሊዝኛው ፊደልና የማሽኑ ትእዛዝ ይዞታል። የአማርኛ ፊደል ግን 33 በ7 ሲባዛ 231 ነው፤ ዲቃሎቹ፥ ቍጥሮቹና ነጥቦቹ ሲታከሉ ከዚያ ያልፋል። ከዚያ አስቀድሞ የጽሕፈት መኪናም ይኸው ችግር ነበረበት፤ በዚህ ሥራ ስማቸው የሚነሣው ኢንጂነር አያና ብሩ የፊደሉን አካልና ቅጥያ ለያይቶ በመግጠም ነበር ያቃለሉት። የኮምፒዩተር ፊደል ሠሪዎችም በዚያው ዘዴ አንዳንዶቹ ፊደሉን ከቁርጥራጭ ገጠሙት፤ ሌሎቹም በሁለትና ከዚያ በላይ በሆኑ ፎንቶች ከፋፈሉት። አገፋሪ፥ ዋሸራ፥ ቪዥዋል ግዕዝ፥ ፓወር ግዕዝ የተባሉት የዚያ ዘመን ፍሬዎች ናቸው፤ ያለ እነርሱ አማርኛ ወደ ኮምፒዩተር ባልገባ ነበርና ውለታቸው ሊካድ አይገባም። ሆኖም እያንዳንዱ የየራሱ ቍጥር ነበረው፤ ያም ቍጥር በመሠረቱ የእንግሊዝኛ ፊደላትና ምልክቶች ቍጥር ነው። ዐይን «ሰላም» ብሎ የሚያነበውን ስክሪን ሪደር የላቲን ፊደላት፥ የዶላርና የፐርሰንት ምልክቶች ክምር አድርጎ ያሰማል።

በ1999 እ.ኤ.አ. የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገብቶ ለእያንዳንዱ ሆሄ በዓለም ሁሉ አንድ ቍጥር ተሰጠው። በ2007 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን ፎንት ከነፊደሉ ይዞ መጣ፤ የአገር ውስጥ ሠሪዎችም ወደ ዩኒኮድ ተሻገሩ። ነገሩ በዚህ ያበቃ ይመስላል፤ አላበቃም። የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ አዲስ ደብዳቤ ከባዶ ገጽ አይጀምርም፤ የዓምናውን ከፍቶ ቀኑንና ስሙን ይለውጣል። በዚህ መንገድ የአሮጌው ፎንት ቍጥር ከደብዳቤ ወደ ደብዳቤ እየተወረሰ በዩኒኮድ ዘመን ይኖራል። በአሮጌ ፎንት ተጽፈው ወደ ፒዲኤፍ የተለወጡት መጻሕፍትና ጥናቶችም እንዳሉ ናቸው።

ፈታሹ ማሽን የሚታለለው በተለይ እዚህ ላይ ነው። መሣሪያው ገጹ ጽሑፍ እንዳለበት፥ ርእስ እንዳለው፥ ሠንጠረዡ እንደ ተሠራ ያያል፤ ፊደሎቹ ላቲን ስለሆኑና የገጹም ቋንቋ «እንግሊዝኛ» ተብሎ ስለ ተመዘገበ ሁሉ ነገር የተስማማ ይመስለዋል፥ ያሳልፈዋልም። አንዲት ቃል የማትሰማበት ሰነድ ያለ ጉድለት ትፈተናለች። የዚህ መድኀኒቱ ግን እጅግ ቀላል ነው፤ ከሰነዱ አንድ መሥመር ቀድቶ ኖትፓድ በሚባለው ባዶ መጻፊያ ላይ መለጠፍ። መሥመሩ የማይቀዳ ከሆነ ገጹ ሥዕል ነው፤ ተቀድቶ ላቲን ከሆነ ፎንቱ አሮጌ ነው፤ አማርኛ ሆኖ ከተገኘ ምርመራው ይቀጥላል። ይህ ተማሪ በግማሽ ደቂቃ ሊሠራው የሚችል ፈተና ነው።

ምርመራው ሲቀጥል ሦስተኛው ነገር ይመጣል፤ እርሱም የጸሐፊው እጅ ነው። አራት ነጥብ በፊደል ገበታው ላይ ራሱን የቻለ ምልክት ሆኖ ሳለ ብዙ ጸሐፊዎች ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ በመምታት ይተኩታል። ለዐይን ልዩነት የለውም። ለስክሪን ሪደር ግን ዐረፍተ ነገሩ አላለቀም፤ ስለዚህ ድምፁ ሳያርፍ እየተንደረደረ የአንዱን አንቀጽ መጨረሻ ከሌላው መጀመሪያ ጋር ያጋጫል። በግድግዳው ላይ ሲታይ ያማረ ማስታወቂያ ሲደመጥ ትንፋሽ የሌለው ልፈፋ የሚሆነው በዚህች ምክንያት ብቻ ሊሆን ይችላል። ሌላው አሕጽሮት ነው። «ት/ቤት»፥ «መ/ቤት»፥ «ጽ/ቤት»፥ «ክ/ከተማ» እየተባለ በሰረዝ ማሳጠር የተወደደ ልማድ ነው፤ አቃቂ ቃሊቲ ረጅም ስም ስለሆነም በሰነዶች ላይ «አ/ቃ/ክ/ከተማ» ተብሎ ይገኛል። የሚያየው አንባቢ አሕጽሮቱን በልቡ ዘርግቶ ያነበዋል፤ ማሽኑ ግን አይዘረጋም፥ የፊደሎቹን ድምፅ ከሰረዙ ስም ጋር እየቀላቀለ ይጠራል። አካባቢውን የማያውቅ ሰው ማስታወቂያው የየትኛው ክፍለ ከተማ እንደ ሆነ ሊለይ አይችልም።

ከነዚህ መካከል ጸሐፊውን ሊያስወቅስ የማይገባም አለ። የአማርኛ ፊደል ጥብቀትን አያሳይም፤ «ዋና» ላላ ሲል መዋኘት፥ ሲጠብቅ ከሁሉ የበለጠው ነው፤ «ገና» ላላ ሲል ጊዜውን ያልደረሰ፥ ሲጠብቅ በዓሉ ነው። የማሽኑ ድምፅ ከሁለቱ አንዱን እየገመተ ያነባል፥ ብዙ ጊዜም ይስታል። መርማሪው ይህን ከሰነዱ ጉድለት ጋር ሊቀላቅለው አይገባውም፤ የድምፅ ሠሪዎች ሥራ ነው። የለመደ አንባቢም ከዐረፍተ ነገሩ ስሜት አቃንቶ ይሰማዋል።

የስም ዝርዝር ግን ልዩ ነገር ነው። የጋራ መኖሪያ ቤት ዕጣ በወጣ ቍጥር የባለዕድሎች ስም በብዙ ገጽ ተዘርዝሮ በጋዜጣና በኢንተርኔት ወጥቷል፤ ሰውም ሌሊት ሳይቀር ስሙን ሲፈልግ አድሯል። የሚያየው ሰው በጣቱ እየተከተለ ይፈልጋል፤ የማያየው ስሙን ጽፎ ማሽኑን «ፈልግ» ይለዋል። እንግዲህ ስሙ ኃይለ ሥላሴ የሆነ ሰው ይታሰብ። የመጀመሪያው ፊደል ሀ፥ ሃ፥ ሐ፥ ሓ፥ ኀ፥ ኃ ሊሆን ይችላል፤ ይህ 6 ነው። «ሥ» በ«ስ»፥ «ሴ» በ«ሤ» ሊጻፍ ይችላል፤ ስለዚህ 6 በ2 ከዚያም በ2 ሲባዛ 24 ይሆናል፤ ስሙ ተገጥሞና ተለያይቶ ሊጻፍ ስለሚችልም 48 ይደርሳል። አርባ ስምንቱም ሲነበቡ ድምፃቸው አንድ ነው፤ ለማሽኑ ግን አርባ ስምንት ልዩ ልዩ ሰዎች ናቸው። ሰውየው ስሙን በአንደኛው ጽፎ «አልተገኘም» ቢባል፥ ዕጣው አልወጣልኝም ብሎ ይተኛል። የሞክሼ ፊደላት ክርክር እስካሁን ሲካሄድ የኖረው ስለ ታሪክና ስለ ሥርወ ቃል ነበር፤ በአቃቂ የሚኖር ዐይነ ስውር ቤት ፈላጊ ክርክሩ ውስጥ ድርሻ እንዳለው ያነሣ ሊቅ እምብዛም አልተሰማም። እዚህ ላይ መፍትሔው ፊደል መቀነስ ነው ለማለት አይደለም፤ መፈለጊያው ፕሮግራም ሞክሼዎቹን እንደ አንድ እንዲቈጥር ማድረግ ይበቃል፥ ከባድም ሥራ አይደለም። ከስም ይልቅ በምዝገባ ቍጥር እንዲፈለግ ማድረግም ሌላው መንገድ ነው።

በአካባቢው የኦሮምኛና የአማርኛ ተናጋሪ አብሮ ስለሚኖር በሁለቱም ቋንቋ የተጻፈ ገጽ መገናኘቱ አይቀርም። ኦሮምኛ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ በቁቤ፥ ማለት በላቲን ፊደል ይጻፋል። የገጹ ክፍል ኦሮምኛ መሆኑ ካልተመዘገበ ስክሪን ሪደሩ ቁቤውን በእንግሊዝኛ ድምፅ ያነበዋል፤ በቁቤ «ጥ» ተብሎ የሚነበበውን ፊደል «ኤክስ» ብሎ፥ የረዘመውን «ኤ» ወደ «ኢ» ለውጦ ያሰማል። የድረ ገጽ ሠሪዎች ከውጭ የሚያመጡት ቅርጽ ቋንቋውን «እንግሊዝኛ» ብሎ የመዘገበ ስለሆነ፥ ሠሪው ካልለወጠው በስተቀር አማርኛውም ኦሮምኛውም በማያውቃቸው ቋንቋ ስም ይጠራሉ። መመሪያው ይህን በግልጽ ይጠይቃል፤ ፈታሽ ማሽኖችም ምልክቱ መኖሩን ይመለከታሉ፤ እውነት መሆኑን ግን ሁልጊዜ አይመለከቱም። በምስል መግለጫም እንዲሁ ነው። ከምስሉ ጋር አንድ ቃል ተጽፎ ከተገኘ፥ ቃሉ «ምስል 1» ቢሆን እንኳ፥ ማሽኑ ይረካል።

ማሽኑ በደንብ የሚሠራቸው ነገሮች የሉም ማለት አይደለም። የቀለሙን ልዩነት ይለካል፤ መመሪያው ለተራ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ1 የሆነ ልዩነት ስለሚፈልግ፥ በነጭ ላይ በብጫ የሚጻፈውን የበዓል ማስታወቂያ ወዲያው ይይዘዋል። ርእስ አልባ ገጽን፥ ስም የሌለውን ቁልፍ፥ መግለጫ የሌለውን ቅጽ ይለያል። ይህ ሁሉ ጊዜ ይቈጥባል። ከዚያ ወዲያ ያለው ግን የጆሮ ሥራ ነው።

የጆሮው ምርመራ እንደ ማንኛውም የመስክ ጥናት ሥርዐት ይፈልጋል። መርማሪው የሚያይ ሰው ከሆነ የኮምፒዩተሩን መስታወት ማጥፋት ይገባዋል፤ እያየ የሚያደምጥ ሰው ጆሮው ያልሰማውን ዐይኑ እየሞላለት ሳያውቀው ይታለላል። የተሻለው ግን በየቀኑ በስክሪን ሪደር የሚያነብ ዐይነ ስውር ራሱ እንዲፈትን ማድረግ ነው። «ገጹ እንዴት ነው?» ተብሎም አይጠየቅም፤ በይሉኝታ «ደኅና ነው» ይላልና። ይልቅስ ሥራ ይሰጠዋል፤ ስንት ሰው ይፈለጋል? ለሁለተኛው መደብ ደመወዙ ስንት ነው? ማመልከቻ የሚያበቃው መቼ ነው? ሠንጠረዡ በትክክል የተሠራ ከሆነ ወደ ቍጥሩ ሲደርስ «ደመወዝ» የሚለው ርእስ አብሮ ይሰማዋል፤ ካልሆነ ባዶ ቍጥሮችን በተርታ ይሰማል፥ የትኛው ደመወዝ፥ የትኛው ደረጃ፥ የትኛው የሰው ብዛት እንደ ሆነ ሊለይ አይችልም። መልሱ፥ የፈጀው ጊዜ፥ የቆመበት ስፍራ ይመዘገባል። ስልኩ ላይ ደግሞ እንደ ገና ይሞከራል፤ ከኮምፒዩተር ይልቅ ስልክ ያለው ሰው ይበዛልና።

ስለ ማኅተሙ የቀረ ነገር አለ። ከላይ እንደ ተባለው ማኅተም ያረፈበትን ሥዕል ማስቀረት አይቻልም፤ ነገር ግን ያው ጽሑፍ በዩኒኮድ ተጽፎ ከሥዕሉ በታች አብሮ ሊወጣ ይችላል፥ በጸሐፊዋ ኮምፒዩተር ውስጥ አስቀድሞ ያለ ነውና ተጨማሪ ድካም የለውም። የድሮ ሰነዶችን በሚመለከት፥ ፊደልን ከሥዕል የሚለዩ ፕሮግራሞች፥ ለምሳሌ ቴሴራክት የተባለው፥ አማርኛን ያነብባሉ፤ ደብዘዝ ያለውን ኅትመት ግን ያሳስታሉ፥ ስለዚህ የሕግ ጽሑፍ ያለ ሰው አራሚ ሊታመንባቸው አይገባም። ለመጻሕፍትም፥ በ2013 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የማራካሽ ስምምነት የደራሲውን መብት ሳይነኩ ለዐይነ ስውራን በሚያመች መልክ ማባዛትን ስለሚፈቅድና ኢትዮጵያም በ2020 እ.ኤ.አ. ስለ ተቀላቀለችው፥ በሕግ በኩል መንገዱ ክፍት ነው።

የማኅተሙ ሥዕል ራሱ መግለጫ ይፈልጋል። ምን ተብሎ ይጻፍ? «ማኅተም» ብቻ ቢባል ማሽኑ ያሳልፈዋል። «ክብ፥ ሐምራዊ ቀለም ያለው ማኅተም» ቢባልም ለሚያይ ሰው የታየውን መድገም ነው። ዐይነ ስውሩ ባለጉዳይ ማወቅ የሚፈልገው ማኅተሙ የየትኛው ጽሕፈት ቤት እንደ ሆነ፥ ከአጠገቡ ማን በምን ሥልጣን እንደ ፈረመ፥ የመዝገቡ ቍጥርና ቀኑ ስንት እንደ ሆነ ነው፤ ወደ ወረዳው ሄዶ በመስኮቱ ፊት በቆመ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠየቀው ይህንኑ ነውና።